ዕጣ በሌለበት ቦታ መምረጥ

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ ስለ ስኳር በሽታ ተናገሪ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «ስለ ስኳር የሚናገር ሞልቷል፤ አንቺ ከስቴት ወደ ስቴት ስለ መዛወር ንገሪን» አሉኝ። ለካ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ዳላስ ይሻላል ሜሪላንድ? ሲያትል ቤት ስንት ገባ? ሚኒሶታ ብርዱ ይቻላል ወይ? መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁሉም ያለበትን ያሞግሳል። እኔ ዛሬ ያለሁበትን ለማሞገስ አልቆምኩም። እንዴት እንደመረጥን፣ ምን እንዳገኘንና ምን እንደከፈልንበት ልንገራችሁ።

እኛ በተመረቅንበት ዘመን «የት ልኑር?» የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዕጣ ያወጣል፣ እጃችሁን ትሰዳላችሁ፣ ወረቀቱን ትገልጣላችሁ፣ አለቀ። የእኔ አሶሳ ወጣ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ጎዴ ደረሰውና ካልተቀያየርን ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። አሶሳ ማንጎ አለ ብለውኝ ነበር፤ እውነትም አለ።

አሜሪካ ዕጣ የለም እንላለን እንጂ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ቦታ እዚህም ዕጣ ነው። ሬዚደንሲ የገባነው በማች ነው፤ ኮምፒውተሩ ወደ መደበን ሄድን። በጄ-ዋን ቪዛ የመጣን ደግሞ ስንጨርስ 2 ዓመት አገራችሁ ተመልሳችሁ ቆዩ ይላል ሕጉ። ግዴታው ከሚነሣባቸው መንገዶች ዋናው ኮንራድ 30 የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከኖርዝ ዳኮታው ሴናተር ከኬንት ኮንራድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ለእያንዳንዱ ስቴት በዓመት 20 ሐኪም ነበር፤ ከ2002 ወዲህ 30 ሆነ። ሐኪም ባነሰበት አካባቢ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለ3 ዓመት ትሠራላችሁ። እኔም የሄድኩት እዚያው ሴናተሩ አገር፣ ኖርዝ ዳኮታ ነው።

መምህሮቻችን ፊት ቆሜ ስለዚህ ሕግ ሳወራ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሕጉ ለአሜሪካዊው ገበሬ ሐኪም ይገኝለት ነው የሚለው። መልካም ነው፣ ገበሬውም ሰው ነው። የአሶሳ ሕመምተኞቼን የሚያስብ ሕግ ግን በየትኛውም ወገን አልተጻፈም። ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ስቴት ስመርጥ ከሚዛኑ ላይ ያስቀመጥኩት ነገር ስለሆነ ነው ያነሣሁት።

ሥራውን ያገናኘኝ ሰው «ለፋርጎ ቅርብ ነው» ብሎኝ ነበር። ካርታ ገልጬ ሳየው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ አገር ግን ሁለት ሰዓት በእርግጥም ቅርብ ነው! በበረዶው ወራት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ መኪናው ጠዋት እምቢ እንዳይል ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካል። እናቴ መጀመሪያ ያየች ቀን «መኪናም እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል?» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና አልነበረንም፤ አሮጌ ቶዮታ ነው።

የ3 ዓመት ግዴታዬን ጨርሼ 11 ዓመት ቆየሁ። ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ሁለት ልጆቼ እዚያው ተወለዱ። ባለቤቴ ፋርማሲስት ነው፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ይሠራ ነበር። የስቴቱ የገቢ ግብር አሁን ከፍተኛው እርከን ላይ እንኳ 2.5 በመቶ ነው፤ ቤት ርካሽ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የልጆቻችንን ስም ብቻ ሳይሆን የጫማቸውን ቁጥር ያውቃል። ደመወዝም ቢሆን ትንሽ ከተማ ለሐኪም ከትልቅ ከተማ የተሻለ ይከፍላል፤ ይህን የማያውቅ ወጣት ካለ ይወቅ።

ነገሩ የተለወጠው አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ወደ እኛ ስትመጣ ነው።

እናቴ ጎንደር ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ነበር የምትሄደው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ለቅሶ ወይ ቡና። አቀበትና ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ኖርዝ ዳኮታ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት መስኮቱ አጠገብ ቆማ «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የሚውለው የት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ። ለፋሲካ ሚኒያፖሊስ ድረስ ስድስት ሰዓት ያህል ነድተን እናስቀድሳት ነበር። ከዚያ እንደገና ዝም።

በዓመቱ ኤዋንሲዋ ከ7.1 ወደ 9.4 ወጣ። መድኃኒቷን በትክክል ትወስዳለች፣ ቆጥሬዋለሁ። ታዲያ ምን ሆነ? ቁጭ ብዬ ቀኗን ስመዘግብ መልሱ ተገኘ። እኛ አገር ከምሽቱ 10 ሰዓት ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጎንደር ነግቷል፤ እኅቷ ትነሣለች፣ ስልኩ ይጮኻል። እስከ ሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ታወራለች፣ ቀን ትተኛለች፣ ብቻዋን ስትሆን ዳቦና ሻይ ትበላለች፣ በቀን መቶ እርምጃ አትራመድም። ምን ልበላችሁ፣ ክሊኒኬ ውስጥ ሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ ቢመጣ በአንድ እይታ እለየው ነበር። ወላጅ ያመጣችሁ ሁላችሁ ይህን በሽተኛ ታውቁታላችሁ። «ራሴን» ይላሉ፣ «ልቤን» ይላሉ፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው። ብቸኝነት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ኢንሱሊን ልጀምርላት ወይስ ስቴት ልቀይር የሚል ሆነ። ሁለቱንም አደረግሁ፣ ኢንሱሊኑን አስቀድሜ።

ከእናንተ ውስጥ ቲም ትሬኒንግ ያልወጣ የለም። እኛ የወጣነው ቆላ ድባ ነበር። የሕክምና ተማሪው፣ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ ሳኒታሪያኑ አንድ ቤት ገብተን ስንወጣ ያየነው አራት ዓይነት ነበር። እኔ በሽተኛውን አይቻለሁ። ሳኒታሪያኑ ውኃው ከየት እንደሚቀዳና መጸዳጃው ከጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ አይቷል። ነርሷ ሕፃኑን ማን እንደሚያጥበው ጠይቃለች። ከዚያ ወዲህ ቦታ ስመርጥ የነሱን ዐይን እዋሳለሁ። ሐኪም ብቻውን ቦታ ሲመርጥ የሚያየው ደመወዙንና ሆስፒታሉን ነው።

አራት ቦታ ያዝን፤ ዳላስ አካባቢ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ። አራቱም የኛ ሰው የሞላባቸው ናቸው። ሄደን ያየናቸው ግን በአስቸጋሪው ወራቸው ነው። ይህችን ምክር ያዙልኝ፦ ሚኒያፖሊስን በየካቲት እዩት፣ ዳላስን በሐምሌ። በሰኔ ሚኒሶታን አይቶ ሐይቁን ያልወደደ ሰው የለም።

ዳላስ ላይ ባለቤቴ ልቡ ሄዶ ነበር። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለውም፤ እንዲህ ያሉት ስቴቶች 9 ናቸው፣ ዋሽንግተን ስቴትም አንዱ ነው። ግን ቴክሳስ የቤት ግብሩ በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ስለሆነ፣ ትልቅ ቤት የገዛ ሰው ያተረፈውን ከፊሉን እዚያ መልሶ ይከፍላል። ወረቀት ላይ አስልተነዋል፤ እንደዚያም ሆኖ ዳላስ ያሸንፍ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ያየነው ቤት አምስት መኝታ ቤት አለው፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ መንገድ፣ እግረኛ የሚሄድበት ግን የለም። እናቴን በሩ ላይ አቆምኳትና እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ በእግር ስንት ይፈጃል ብዬ ስልኬ ላይ አየሁ። 50 ደቂቃ፣ በ39 ዲግሪ ሙቀት። ያን ሁሉ መኝታ ቤት ይዛ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ የነበረችውን እናቴን ሆነች ማለት ነው፣ ብርዱ ብቻ ቀረላት።

ሲያትልን ባጭሩ ልለፈው። ቆንጆ ነው፣ የኛ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ልዩነት እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ስትመለሱ አገር ቤት ተኝቷል። የእናቴ በሽታ ምንጩ ይኸው የሰዓት ነገር ስለነበረ ተውነው።

ሚኒያፖሊስ ከባድ ምርጫ ነበር። ጓደኞች አሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን እናቴ ለምዳዋለች፣ ዋጋው ከምሥራቁ ይሻላል። ለ40 ዓመት ሰው እኔም አዎ እላለሁ። ለ70 ዓመት ሴት ግን አምስት ወር በረዶ ላይ መራመድ ማለት ወይ አለመራመድ ነው ወይ ዳሌ መሰበር ነው። የዳሌ ስብራት በኋላ የሚያመጣውን እዚህ ላላችሁት ሰዎች መንገር አያስፈልገኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሄድነው በታኅሣሥ፣ ዝናብ እየዘነበ ነው። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከሚከራየው ቤት እስከ ሆስፒታሉ ነዳሁ። ካርታው 18 ደቂቃ ያለው 41 ፈጀ። ይህን ሳትነዱ ውል እንዳትፈርሙ! ተረኛ ሐኪም ከቤት ተጠርቶ በ30 ደቂቃ እንዲደርስ የሚያስገድዱ ሆስፒታሎች አሉ፤ የሆስፒታሉ ደንብ የቤታችሁን ሰፈር ይወስንላችኋል ማለት ነው። እኔ ሌላ ልማድም አለኝ። ድንገተኛ ክፍል መጠበቂያው ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። ማን እንደሚመጣ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጣራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ታያላችሁ። ለቃለ መጠይቅ ሲጋብዟችሁ የሚያሳዩአችሁ አዲሱን ሕንጻ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዎች አማርኛ ሲያወሩ ሰማሁ፤ አንዷ ልጇን ለእናቷ እንዲያስተረጉም ትቆጣዋለች።

እናቴን ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ብቻዋን ተውናት። አደራ እንዳትጠፊ ብለን ስልክ አስይዘን። ስንመለስ ከአንዲት የወሎ እናት ጋር አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ የጽዋ ማኅበር ቀን ተነጋግረው ጨርሰዋል። ባለቤቴ አየኝና «እንግዲህ ዳላስ ቀረ» አለ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልሂድ፤ ወጣቶቹ ማስታወሻ የያዛችሁት ለዚህ እንደሆነ አውቃለሁ። የሕክምና ፈቃድ የስቴት ነው፤ አንዱ ስቴት የሰጠው ሌላው ጋ አይሠራም። ከ2017 ጀምሮ ፈቃድ እየሰጠ ያለው የስቴቶች ስምምነት፣ ኮምፓክት የምንለው፣ ነገሩን አቃሏል። ቦርድ ያለፈ፣ ንጹሕ መዝገብ ያለው፣ እያንዳንዱን የዩኤስኤምኤልኢ ፈተና በ3 ሙከራ ውስጥ የጨረሰ ሰው ከዋና ስቴቱ ተነሥቶ ለሌሎቹ ያመለክታል። ውጭ የተማርን በመሆናችን ብቻ አንከለከልም። ሁሉም ስቴት ግን አባል ስላልሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ፌዴሬሽኑ የሚያስቀምጠውን የማስረጃ ፋይል ደግሞ አሁኑኑ ክፈቱ፤ ከትምህርት ቤታችን የሚመጣው ማረጋገጫ አንዴ ከገባ እዚያው ይቀመጣል፣ በተዛወራችሁ ቁጥር ሬጅስትራሩን አታስቸግሩም።

የዲኢኤ ምዝገባም በየስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ከዚያ በፊት የራሱን የመድኃኒት ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ የሆስፒታሉና የኢንሹራንሶቹ ማጣራት አለ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ወር። ባለቤቴ የስቴቱን የፋርማሲ ሕግ ፈተና እንደገና መቀመጥ ነበረበት፤ በ47 ዓመቱ ማታ ማታ ከልጁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያጠና ማየት ያስቅ ነበር። ስለዚህ የሁለታችሁንም ወረቀት አስቡ። የአንዱ ፈቃድ ዘግይቶ ቤተሰብ በሁለት ስቴት ተከፍሎ ሲኖር አይቻለሁ።

ከምትለቁት ቦታ ያለውንም ውል አንብቡ። ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከለቀቃችሁ በኋላ ለሚመጣ ክስ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ፣ ቴይል የሚባለው፣ በማን ኪስ ነው? ከዓመቱ ክፍያ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ በአካባቢው እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ አለ ወይ? ኖርዝ ዳኮታ፣ ካሊፎርኒያና ኦክላሆማ ለሠራተኛ ይህን አንቀጽ አይቀበሉም፤ ሚኒሶታም ከሐምሌ 2023 ወዲህ ለሚፈረም ውል ከልክሏል። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ጠበቃ አሳዩት፤ ያቺ ጥቂት መቶ ዶላር አታስቆጭም።

ወላጅ ላላቸው አንድ ልጨምር። በግሪን ካርድ የመጣ 65 ዓመት ያለፈው ወላጅ፣ የሥራ ታሪክ ከሌለው፣ ሜዲኬርን ከፍሎ መግባት የሚችለው 5 ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ ነው። ይህ በሁሉም ስቴት አንድ ነው። እስከዚያ ያለው ሽፋንና የአቅም ድጋፉ ግን ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል። ሜሪላንድና ሚኒሶታ ሜዲኬድን ያሰፉ ናቸው፣ ቴክሳስ አላሰፋም። ለግብር ሲሉ ብቻ የሚዛወሩ ጓደኞቼ ይህን ሒሳብ ውስጥ ሲያስገቡት አላይም።

እና ምን ከፈልን? ብዙ። ደመወዜ ቀነሰ። ሜሪላንድ የስቴቱ ግብር ላይ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ይጨምርበታል። ኖርዝ ዳኮታ የሸጥነው ቤት ዋጋ እዚህ ሁለት መኝታ ቤት አይገዛም፤ ሁለት ዓመት ሆነን፣ አሁንም ኪራይ ላይ ነን። በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን ዓመት መከራየት ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። የትምህርት ቤት ክልል አንድ መንገድ ተሻግሮ ይለወጣል፤ ያንን ኖሮ እንጂ ፎቶ አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ከሁሉ የከበደው የትልቋ ልጄ ነው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ሆኪ ትጫወት ነበር፣ የቡድኑ በረኛ ነበረች። እዚህም ሆኪ አለ፣ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት በጨለማ አንድ ሰዓት መንዳት ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። አንድ ዓመት ሞከርንና ተወችው። «ለአያቴ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል» አለችኝ። ገብቷታል፣ ግን አልተደሰተችም፤ እኔም ተደስታለች ብዬ አልነግራችሁም። የስምንት ዓመቱ ወንድሟ በተቃራኒው ክፍሉ ውስጥ አራት ሐበሻ አግኝቶ አማርኛው ተፈቷል።

ከተማውን ስለቅ አንድ የ80 ዓመት ገበሬ፣ ለ11 ዓመት ልቡን የተከታተልኩለት፣ መጨረሻ ቀጠሮው ላይ ቆቡን አውልቆ «ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ስንት ዓመት ይቆያል?» አለኝ። ስሜን ወይ የምሄድበትን አልጠየቀኝም። የቸገረው ስንተኛ ጊዜ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደሚያወራ ነው። ከእኔ በኋላ የእኛ ልጅ ገባ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር፤ የገባችው ከፓኪስታን የመጣች ሐኪም ነች፣ ጎበዝ ናት ይላሉ።

አሁን እናቴ ኤዋንሲዋ 7.5 ነው፣ ኢንሱሊኑን ቀንሰናል። ከእኅቷ ጋር የምታወራው ቀትር ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጎንደር አመሻሽቶ ራት ሰዓት ይሆናል፣ ሌሊቱን ሁለቱም ይተኛሉ።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ይህ ነው። ሜሪላንድን ከመረጥኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ከደለስ አዲስ አበባ የሚወስደው አውሮፕላን ነው። ከኖርዝ ዳኮታ ሁለት ቀን የሚፈጀው ጉዞ አሁን አንድ ሌሊት ሆነ። ሥራ ስገባ ውሌ ውስጥ በየዓመቱ 4 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይግባ አልኩ፤ ሁለተኛው ቀጣሪ ተስማማ፣ የመጀመሪያው አልተስማማም። ባለፈው ጥር ጎንደር መጥቼ ከሬዚደንቶቹ ጋር ዋርድ ዞሬያለሁ፣ ዘንድሮም እመጣለሁ። 4 ሳምንት ትንሽ ነው፤ ያስተማሩኝ ሰዎች ፊት ትልቅ አላስመስለውም። ግን ውል ሲጻፍ ካልተጠየቀ በኋላ የማይገኝ ነገር ስለሆነ፣ ልትፈርሙ ያላችሁ ጠይቁ። የክፍሉ ኃላፊዎችም እዚህ አላችሁ፤ በየትኞቹ ወራት ሰው እንደሚያንሳችሁ ብትነግሩን ፈቃዳችንን በዚያ ልክ እንወስዳለን።

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፣ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ። የድሮው ክሊኒኬ ሁለተኛ የውስጥ ደዌ ሐኪም እየፈለገ ነው፤ ቦታው ለኮንራድ ብቁ ነው። ወላጅ አብሯችሁ ከሌለ፣ ልጆቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ፣ በእውነት ጥሩ ቦታ ነው። የምትፈልጉ በሻይ ሰዓት አግኙኝ፤ መኪናው እንዴት እንደሚሰካም አሳያችኋለሁ።